ባለቤታቸውን የተከተሉ አበቦች

የምዝገባው መስኮት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ልጅቷ ፎርሟን ይዛ ስትደርስ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር፤ በሌላ እጇ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጣሳ አቅፋለች። ከጋዜጣው አናት ላይ ሦስት የጠወለጉ ቅጠሎች ብቅ ብለዋል።

መዝጋቢዋ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች። "ሁሉን ሞልተሽ ይቺን አንዷን ባዶ ትተሻታል።"

"አልወሰንኩም።"

"ስለ ዕፅዋት የሚያስተምረው የመግቢያ ኮርስ ሁለት ነው እንጂ ሃያ አይደለም። 'ዕፅዋትና የሰው ልጅ' አለ፤ ሥዕል እያያችሁ ታወራላችሁ፣ ፈተናውም አያስፈራም ይላሉ። 'የዕፅዋት ሳይንስ መግቢያ' ደግሞ አለ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ላብራቶሪ፣ ከተመዘገበው ሲሶው መንገድ ላይ ይቀራል። ምኑ ያስጨንቃል?" ጣሳውን በአገጯ ጠቆመች። "እሱም ሊመዘገብ ነው?"

ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን ከከንፈሯ አላለፈም።

"አሥራ አንድ ሲል እዘጋለሁ እህቴ። እናቴ ብትመጣም አልከፍትም።"

ጣሳው የአባቷ ነው። አባቷ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ የሚሠራውም ከቤታቸው በር አጠገብ፣ እግር እንኳ በማታስዘረጋ ክፍል ውስጥ። ሰዓቱን ሊያሠራ የመጣ ሰው በረንዳው ላይ የተደረደሩትን አበቦች አይቶ ሳያደንቅ አይሄድም፤ ሰዓቱን ሊወስድ ሲመለስ ደግሞ ከቤቱ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ ያመጣለታል። አባቷ የአንዳቸውንም አበባ ስም አያውቅም ነበር። በየጣሳው ላይ የሚጽፈው ያመጣለትን ሰው ነው፤ "የነርሷ"፣ "የሾፌሩ"፣ "የሐኪሙ ሚስት"። አንድ ቀን "የሐኪሙ ሚስት ዛሬ ጸሐይ አላገኘችም፤ ወደዚህ አምጫት" ሲላት አንድ ደንበኛ ሰምቶ ጆሮውን ማመን አቅቶት ነበር። አሥራ አንድ ጣሳ ነበሩ። አሁን በሕይወት ያለችው "የነርሷ" ብቻ ናት።

አባቷ በሞተ ማግስት እውነተኛዋ ነርስ በሩ ላይ ቆማ "ምን ልርዳችሁ?" አለች። ልጅቷ የምትለው ቢጠፋት "አበቦቹን ውሃ አጠጪልን" አለቻት። ነርሷ አጠጣች። ቀጥሎ የመጣው ለቀስተኛ ይህንኑ አይቶ አጠጣ። ከዚያ በኋላ ደንብ ሆነ፤ የመጣው ሁሉ ገና ሳይገባ ከባልዲው አንድ ኩባያ ይጨልፋል። ሐዘን ቤት የገባ ሰው እጁን የሚያደርግበት ያጣል፤ ውሃው እጅ ማሳረፊያ ሆነ። ሁሉም ያጠጣው ከፍቅሩ ነበር፤ ከእሱ በፊት ስንት ሰው እንዳጠጣ የጠየቀ ግን የለም። ባልዲው ሲጎድል የምትሞላው ልጅቷ ነበረች።

በሦስተኛው ሳምንት "የሾፌሩ" ቢጫ ሆነ። ከዚያ ተራ በተራ ወደቁ።

"ባለቤታቸውን ተከተሉ" አለች እናቷ። የሰማ ሁሉ ተቀበላት። ቀልድ የማያልቅበት የአባቷ ታናሽ ወንድም እንኳ በዚህ አልቀለደም፤ "ከሰው አበባ ይሻላል" ብሎ ዓይኑን ጠረገ። ለልጅቷ ግን ያ ቃል አልዋጥላት አለ። ባልዲውን ባየች ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳባታል፤ የገደላቸው ሐዘን ነው ወይስ እኔ?

የዚያን ቀን ጠዋት ከቤት ስትወጣ ይኸው አጎቷ "ቀላሉን ውሰጂ" ብሏት ነበር። "ሐዘንተኛ ዳገት አይወጣም። ደግሞ የሒሳብ ድክመትሽን አውቀዋለሁ፤ የወረስሽው ከእኔ ነው።"

ጣሳውን ለሁለቱም መምህራን አሳይታ ልትመርጥ ነበር የመጣችው።

የ"ዕፅዋትና የሰው ልጅ" መምህርት ቢሮ ፎቅ ላይ ነው፤ ብርሃን የሞላበት። መምህርቷ ወጣት ናት። ቅጠሉን በጣቷ ጀርባ ዳሰሰችና ጣሳው የማን እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ ሁሉን ነገረቻት፤ ባልዲውን ብቻ ዘለለች።

"ሐዘን አበቦችን ይገድላቸዋል?" ስትል ጠየቀች።

"የእኔ ኮርስ እሱን አይመልስልሽም" አለች መምህርቷ። "ሰው ለምን እንዲህ እንደሚል ግን እንነጋገራለን። እናትሽ ያሉት የሚያምር ነገር ነው። ጽፈሽ ብታመጪው ደስ ይለኛል።"

ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እስክሪብቶዋን አወጣች። የፎርሙን ባዶ ቦታ እዚያው ሞልታ ብትሄድ የሚወቅሳት አልነበረም። አባባሉ እንዳለ ይቀመጣል፣ እናቷም ትጽናናበታለች፣ እሷም ቀስ በቀስ ታምነዋለች። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ክዳኑን መልሳ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ላብራቶሪው እርጥብ አፈርና አልኮል ይሸታል። ሽማግሌውን መምህር ተማሪዎች "ቆፋሪው" ይሏቸዋል፤ የጋዋናቸው ኪስ በጭቃ ደርቋል።

"ምን ሆና ነው?" አሉ፣ ከሰላምታ በፊት።

"አላውቅም። አሥሩ ሞተዋል።"

ጣሳውን ተቀበሏት፤ ግንዷን በሁለት ጣታቸው መሃል ይዘው ገለበጡትና በጠረጴዛው ጠርዝ መታ መታ አደረጉት። ልጅቷ "ቀስ..." ብላ እጇን ዘረጋች። መቃብር ሲከፈት ያየች መሰላት። አፈሩ ከነሥሩ ወጣ፤ ሽታው እንደ ታፈነ ቦይ ነው። ቡናማ ሥሮቹን መምህሩ ሲነኳቸው ልጣጫቸው እየተሸለቀቀ ጣታቸው ላይ ቀረ።

"ሥርም ይተነፍሳል" አሉ። "አፈሩ ውስጥ ያለውን የአየር ቦታ ውሃ ከያዘበት ይታፈናል። ይቺ ሰጥማለች። ማን ነው እንዲህ ያጠጣት?"

"ሰው ሁሉ።" አለች ልጅቷ። "አጠጡ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።"

መምህሩ አላጽናኗትም። አልወቀሷትምም። "ማጉያ አለሽ?" አሉ።

ከቦርሳዋ የአባቷን የዓይን ማጉያ አወጣች፤ እሱ እንደሚያደርገው በቅንድቧና በጉንጯ መሃል ነክሳ ያዘችው።

"ሰዓት ሠሪ ነሽ እንዴ?"

"አባቴ ነበር።"

ሥሮቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። ከግንዷ ሥር፣ ከመርፌ የማይረዝም፣ አንድ ነጭ ክር አየች። "ይቺ ነጯስ?"

መምህሩ ጎንበስ አሉ። "ሕያው ናት። አዲስ የወጣች።" ከዚያ በእጇ የያዘችውን ፎርም አይተው፣ የበሰበሰውን በመቀስ እየቆረጡ፣ "ስሚ ልጄ፣ እዚህ ኮርስ ውስጥ ሁሉም ተማሪ ተክል ይቆርጣል፣ ይሰነጥቃል። አበባ ስለምትወጂ ከሆነ የመጣሽው ይከብድሻል። ፎቅ ያለችው ልጅ ጎበዝ ናት፤ እሷ ጋ ሂጂ" አሉ።

ልጅቷ አባቷን አሰበች። የቆመ ሰዓት ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ እየነቀነቀው፣ ጆሮው ላይ እያስጠጋው ነው የሚመጣው። አባቷ ይህን ሲያይ "መነቅነቅስ ማንም ይነቀንቃል፤ ክፈትልኝ የሚል ነው የጠፋው" ይል ነበር።

"የሞቱትንም ብከፍታቸው ምክንያታቸው ይታያል?" አለች።

"አልጣልሻቸውም?"

"እናቴ እንዳይጣሉ ብላ ነው።"

"አምጪያቸው። የመጀመሪያው ላብራቶሪ በእነሱ ይሆናል።" በትንሹ ብቻ የረጠበ አዲስ አፈር ሞልተው፣ መቼ እንደምትጠጣም ነግረዋት "የነርሷ"ን መለሱላት።

አሥራ አንድ ሊል ጥቂት ሲቀረው መዝጋቢዋ ፎርሙን አነበበች። "ሲሶው ይቀራል ብዬሻለሁ።"

"ሰምቻለሁ።"

ማኅተሙን መታችበት።

ቤት ስትደርስ እናቷ በረንዳው ላይ ነበረች። ጣሳውን ተቀብላ ከደረቁት አሥሩ መሃል ቦታው ላይ አስቀመጠችውና ከባልዲው ኩባያ ጨለፈች።

"እማዬ፣ ተዪው።"

"ጠምቷት ይሆናል።"

"አልጠማትም።" ልጅቷ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። "እማዬ፣ አልተከተሉትም። ውሃው ነው የገደላቸው። በሩ ላይ ቆሜ አጠጡ ያልኩት እኔ ነኝ።"

እናቷ ኩባያውን ባልዲው ጠርዝ ላይ አሳረፈች።

"እኔም ጠዋት ጠዋት አጠጣቸው ነበር" አለች። "ሰው ሳይነሳ። አባትሽ እንዳይወቅሰኝ ብዬ።"

ውሃውን ወደ ባልዲው መልሳ ገለበጠች።

"ታዲያ መቼ ነው የምናጠጣት?"

"ቀን የለውም አሉ መምህሩ። ጣት ከትተን አፈሩን ደርቆ ስናገኘው ነው።"

እናቷ የቀሚሷን እጅጌ ሰብስባ ጣቷን አፈሩ ውስጥ አስገባች። አፈሩ ገና እርጥብ መሆኑን ካወቀች በኋላም ጣቷን አላወጣችውም።