የሙሉ ቁመት ፎቶ

ሐሰተኛ የሥራ ማስታወቂያ ከሩቅ ይሸተኛል። ቡራዩ ክሊኒክ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። የታመመውን ከአስመሳዩ የምለይ ሰው ማስታወቂያ አያቅተኝም።

ይሄኛውን ያየሁት ፌስቡክ ላይ ነው። «ለኩዌት ሆስፒታል ነርሶች እንፈልጋለን። ዕድሜ ከ18 እስከ 27፣ ያላገባች። ልምድ አያስፈልግም። ሲኦሲ አያስፈልግም። ፓስፖርትና የሙሉ ቁመት ፎቶ ይዛችሁ አርብ ወይም ቅዳሜ ሱሉልታ ኑ።» የሆስፒታሉ ስም የለም። ደሜ ፈላ። የሙሉ ቁመት ፎቶ? ነርስ መርፌ የምትወጋው በቁመቷ ነው እንዴ? ሙሉ ቁመት የሚጠይቀው የቤት ሠራተኛ የሚመለምል ደላላ ነው። ዓረብ አገር ለሥራ መሄድ ደግሞ ከታገደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሲኦሲ የሚሉት የብቃት ፈተና ከሌለሽ እንኳን ኩዌት፣ የእኛ ክሊኒክም ጓንት አያስነካሽም።

ማስታወቂያውን ለጥፌ ከላዩ ጻፍኩ። የጻፍኩት እንደ በሽተኛ ካርድ ነው፤ መጀመሪያ ታሪክ፣ ቀጥሎ ምልክት፣ በሽታው መጨረሻ ላይ። ዘጠኝ ዓመት እጄ የለመደው ይሄንን ነው። «ነርሶች በሙሉ፣ ይህን ማስታወቂያ በደንብ አንብቡት፣ ላላዩትም አድርሱ» ብዬ ጀመርኩ። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ደረደርኩ። መዝጊያው ላይ «ይሄ ሌባ ነው! አንዲትም ሴት እንዳትሄድ!» አልኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ጊዜው የማስተር ፕላኑ ነው። አዲስ አበባ ገበሬውን አፈናቅላ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው ተብሎ ወጣቱ ወጥቷል፣ መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ እኛም የተፈነከተ ስንሰፋ እንውላለን። ማስታወቂያውን ረሳሁት።

ቅዳሜ ጠዋት አባ ከሰበታ ደወለ።

«ሃዋዬ፣ አላህ ይስጥሽ። እህትሽን አሰብሽላት።»

«ምን አሰብኩላት?»

«ያገኘሽላትን ሥራ ነዋ! ስምሽ ያለበትን ማስታወቂያ አሳየችኝ። ሚንሃ ፓስፖርቷን ይዛ ጎህ ሲቀድ ወጣች፤ ሱሉልታ ነው አይደል?»

ሚንሃ ታናሼ ናት። ነርሲንግ ተምራ ሲኦሲ ሁለቴ ወድቃለች። ሁለተኛውን የወደቀች ቀን እኔ፣ ምላሴ ይቆረጥና፣ በሰው ፊት «አንቺ ነርስ አይደለሽም፤ አባ ሱቅ ገብተሽ ስኳር መዝኚ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ተኳርፈናል። ስልኳ ላይ ብደውል ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ።

ጋዋኔን እንደለበስኩ ወጣሁ። በአዲሱ ገበያ ዞሬ፣ ሱሉልታ መግቢያ ላይ ታክሲያችንን ድንጋይ የያዙ ወጣቶች አስቆሙት። «ኤሳ ዴምታ?» አለኝ አንዱ፣ ወዴት ነሽ ብሎ።

«ኦቦሌቲ ኮን፣ እህቴን ላወጣ ነው። አንድ ደላላ ዓረብ አገር ሊሸጣት ነው።»

ጋዋኔን አየና ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አደረገው። ታክሲው አልፈልግም ብሎ ተመለሰ፤ እኔ በእግሬ ገባሁ።

ማስታወቂያው ላይ አድራሻው የተጻፈው ቤት ከአስፋልቱ ገባ ያለ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ኪራይ ቤት ነው። አሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ጆኒ የሚሉት ሰውዬ ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንዷን ግድግዳ አስደግፎ በስልኩ ያነሳታል።

«ዙሪ» ይላታል።

«የነርስ ጀርባ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት ከበሩ።

«ሴትዮ፣ ተራ ያዢ።»

«ሆስፒታሉ ስንት አልጋ አለው?»

«ብዙ።»

«ነርስ የጎደለው የትኛው ክፍል ነው?»

«ሁሉም።»

«ጉድ ነው! እስካሁን በሽተኛውን ማን ሲያየው ነበር፣ አንተ?»

ማንም አልሳቀም። ሚንሃን ጥግ ላይ አየኋት፤ አቀርቅራለች። ከፊት የተቀመጠች ቀጭን ልጅ ተነሳች። በኋላ እንደሰማሁት ስሟ ጠጅቱ ነው፣ ከጫንጮ ናት።

«ሲስተር ሃዋ አይደለሽም? እኛ እኮ አንቺን አምነን ነው የመጣነው» ብላ ስልኳን አቀበለችኝ።

የራሴ ፎቶ፣ የራሴ ስም። ከሥሩ «ነርሶች በሙሉ፣ ይህን ማስታወቂያ በደንብ አንብቡት፣ ላላዩትም አድርሱ»። ከዚያ «ተጨማሪ» የምትል ቃል፣ ከዚያ ማስታወቂያው። የቀረው የለም። ኢንተርኔቱ ሳይዘጋ አንዷ «ተጨማሪ» የምትለውን ሳትጫን ስክሪኑን አንስታዋለች፤ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራው በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ከርሟል። በሽታውን መጨረሻ ላይ ጻፍኩ፣ መጨረሻው ድረስ ያነበበ የለም።

«አየሽ ሲስተር» አለ ጆኒ እየሳቀ፣ «ሥራዬን የሠራሽልኝ አንቺ ነሽ።»

«ውሸት ነው! ሌባ ነው ብዬ ነው የጻፍኩት!» ብዬ ጮህኩ። ልጆቹ እሱን ሳይሆን እኔን አፈጠጡብኝ።

«እሷ ሥራ አላት» አለች አንዷ። «ምቀኛ!»

ልታገላቸው ጊዜ አልነበረኝም። «የእህቴን ፓስፖርት አምጣ» አልኩት።

«ተሰብስቦ ሄዷል።»

«መንገድ የዘጉት ልጆች ያሳለፉኝ ከደላላ እጅ እህቴን ላወጣ ነው ብያቸው ነው። ልጥራቸው? ድንጋዩ እጃቸው ላይ ነው፣ ወላሂ እጠራቸዋለሁ!»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። መሳቢያውን ስቦ የዛሬዎቹን ፓስፖርቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። ያን ጊዜ ነው ልጆቹ የነቁት፤ ምቀኛ ያለችኝም ሳትቀር ተሻምተው የየራሳቸውን አነሱ። ጠጅቱ ብቻ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«የእኔ ትናንት ሄዷል» አለችኝ። «አሁን እኔ ምን ልሁን?»

«ፖሊስ ጋ አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት።

«ዛሬ የትኛው ፖሊስ ነው እኔን የሚሰማኝ? ተዪኝ፣ እዚሁ እጠብቃለሁ» ብላ ወንበሯ ላይ ተመለሰች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችብኝ። ሚንሃን ጎትቼ ስወጣ እንኳ ዞር አላለችም።

አስፋልቱ ላይ መኪና የለም። ሚንሃ ከፊቴ ትራመዳለች። እኔ አፌን መያዝ መች አውቄ!

«የሙሉ ቁመት ፎቶ ሲሉሽ አልጠረጠርሽም? ነርስ አይደለሽም እንዴ?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ምን ገተረሽ እዚህ!»

ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ሲኦሲ አያስፈልግም ይላል። ስምሽ አለበት። ይቅርታ ማለት ስለከበዳት ለእኔ የሚሆን ሥራ ፈልጋ ላከችልኝ አልኩ። የታረቅሽኝ መስሎኝ ነው የመጣሁት።»

ለጆኒ የሚሆን ስድብ ሞልቶኝ ነበር። ለእሷ የሚሆን አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

«ፓስፖርትሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ» አልኳት።