ውሃ የማይለምን አበባ

ማሂራ የቤታቸው ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ሶሌታው ላይ ጦስኝና እሬት መትከል ስትጀምር፣ መርካቶ መሃል አበባ የሚያሳድግ ሰው ምን ነክቶታል ብሎ ያልሳቀ ጎረቤት የለም። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቆርጣ፣ ግርጌውን በስታ፣ ጠጠርና አፈር ሞላችበት። እሬቱ ቀይ አበባውን ሲያወጣ፣ ጦስኙም ሲያብብ፣ ንቦቹ ከየት እንደመጡ አላህ ይወቀው፣ የዱባይ ተራን ጫጫታ አልፈው ደረሱ።

አባቷ ጋሽ ባህረዲን በንቦቹ ተደሰቱ። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከያዘው ወዲህ ከአልጋ የምታነሳቸው እሷ፣ የምታጎርሳቸው እሷ፣ ለሶላት ውዱእ የምታስደርጋቸውም እሷ ናት። ሠራተኛ ይቀጠር ሲባል፣ ከልጄ በቀር ማንም እጁን አያሳርፍብኝም ብለዋል። ወንድሟ ሙናዊርም ከታች ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ ማሂራ አለችላቸው ይላል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ወጣትነቷ በአልጋውና በሶሌታው መሃል አለቀ።

የአባቷ እህት ሩዋይዳ ወራቤ መሬት አላት፤ ነይና ችግኝ እያፈላን እንሽጥ ብላ ከጠራቻት ቆይቷል። ማሂራ ይህን በሆዷ ይዛ፣ አንዴ ከተተከለ በየዓመቱ የሚያብበውን፣ ድርቅ የማይገድለውን ብቻ እየመረጠች ተከለች። ለጠየቃት፣ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ነው ትላለች። በጋው ሲጠና ጭራሽ ማጠጣቱን ተወችው። ጦስኙ ጠወለገ እንጂ አልሞተም፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው አቆጠቆጠ። ደስ አላት፤ በደስታዋም አፈረች።

አንድ ቀን ከሰዓት ሽማግሌው ከአልጋቸው ሆነው በሶሌታው በኩል ባለው መስኮት ንቦቹን ሲያዩ ቆይተው ጠሯት።

«ማሂራ፣ እነዚህን ማን ያጠጣቸዋል?»

«ማንም ባያጠጣቸውም ይኖራሉ፣ አባባ።»

«አንቺ ባትኖሪም?»

ውሸት ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥቶ እምቢ አላት። እሳቸው አልተቆጡም። ወራቤ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ብቻ ጠየቋት። ሁሉን እንዳወቁ ያኔ ገባት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለወጡባት። ማንኪያውን ከእጇ ወስደው ራሳቸው ይጎርሳሉ፤ ግማሹ ደረታቸው ላይ ይፈሳል። ሸሚዛቸውን በአንድ እጃቸው ሊቆልፉ ይታገላሉ፤ ላግዝዎት ስትል እጇን ይመልሱታል። ማሂራ የተቀየሟት መስሏት ተደብቃ አለቀሰች።

ጁምዓ ዕለት እስከ አብነት ሰፈር ደርሳ ስትመለስ ደረጃው ግርጌ ሰው ተሰብስቧል። አባቷ ብቻቸውን ሊወርዱ ሞክረው ወድቀዋል። ዳሌያቸው ተሰብሯል።

ሐኪም ቤት፣ ሕመሙ ትንሽ ሲለቃቸው፣ እጇን ያዙ።

«ያለ አንቺ መኖር እየተለማመድኩ ነበር» አሉ። «እንድትሄጂ።»

ቂም ይዘውባት ቢሆንማ ኖሮ ጥላቸው መሄድ በቻለች። ቂም አልነበረም። አክስቷ ስትደውል ስልኩን ለሙናዊር አቀበለችውና፣ አትመጣም በላት አለችው።