እርጥብ ልስን

"ቶሎ በል እንጂ፤ ልስኑ ሊደርቅ ነው!" አለ ሆሴዕ ከመሰላሉ ሥር፣ ስልኩን ወደ ላይ እንደ ደገነ።

ኤሊያስ የሚጽፍበትን ምስማር ጨብጦ መሰላሉ ላይ ቆሟል። ከፎንቆ ከተማ ወጣ ብሎ ያለውን የአጥቢያቸውን ጸሎት ቤት የለሰነው እሱ ነው። ከበሩ በላይ፣ ገና ባልደረቀው ሲሚንቶ ላይ፣ "ለእግዚአብሔር ክብር" ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ሰፊ ቦታ ቀርቷል። ቦታው የታላቅ ወንድሙ ስም የሚገባበት ነው። ሆሴዕ ከደቡብ አፍሪካ መጥቶ ቆርቆሮውን በሙሉ ገዝቶ ሰጥቷል፤ ሲመለስም ኤሊያስን ይዞት ሊሄድ ቃል ገብቶለታል። ኤሊያስ በዚህ ቃል ተማምኖ ከሾኔ የመጣለትን ሥራ እንኳ እንቢ ብሏል።

"'በወንድም ሆሴዕ ታዴዎስ ሙሉ ወጪ' በል። ጎላ አድርገህ! እዚያ ያሉት ልጆች በላይቭ እያዩህ ነው።"

"አልጽፍም።"

"ምን አልክ?"

"አልጽፍም አልኩህ። ሰው እዚህ የሚመጣው ጌታን ሊያመልክ ነው ወይስ አንተን ሊያመሰግን?"

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ እንድርያስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኤልዬ፣ ልጄ፣ ወንድምህን አታስቀይመው። ግድግዳው ገና ቀለም ይፈልጋል እኮ።"

"ቀለሙ ይቅራ፣ አባባ! በድሮው የጭቃ ቤትም እያለን መዝሙራችን ይሰማ ነበር።"

ሆሴዕ ስልኩን አጠፋው። "ስማ አንተ ጻድቅ! እስቲ ፎንቆን ዙር። የለሰንከው ቤት ሁሉ ጥግ ላይ 'ግንበኛ ኤሊያስ' የሚል የለም? ይኸው እዚህም ጭረሃል፤ ከክርንህ ሥር ይታየኛል። ያንተ ስም ሲሆን የእግዚአብሔርን ክብር አይሻማም?"

ሲሚንቶ የሚያቦኩት ሴቶች ከት ብለው ሳቁ።

የኤሊያስ ፊት ጋለ። በአገሩ ስሙን የማይጭር ግንበኛ የለም፤ ሳያስበው የጻፈው ነው። ሳያስበው? ኧረ አስቦበታል! ዘማሪዋ ሐዳሳ እሑድ ስትገባ ቀና ብላ ስታነበው እያለመ ነበር የጻፈው።

"ልክ ነህ" አለ።

መዳፉን ውሃ ነክሮ መጀመሪያ የራሱን ስም ጠረገ። ቀጥሎ ለወንድሙ የተተወውን ቦታ በማለስለሻው አንድ ሁለቴ አሸው፤ ልሙጥ ሆነ።

"እንግዲያው ደቡብ አፍሪካን እርሳት!" ጮኸ ሆሴዕ። "እዚሁ ጭቃህን ስታቦካ ኑር!"

ኤሊያስ ስንት ጊዜ በሐሳብ የተመላለሰበት አገር ድንገት ራቀበት። ቢሆንም ምስማሩን ሣሩ ላይ ወርውሮ ወረደ።

"ወዴት ነው?" አሉት አቶ እንድርያስ።

"የጓሮው ሽንት ቤት አልተለሰነም።"

"እሱን ደግሞ ማን ያይልሃል?" አለ ሆሴዕ።

"ማንም አያየውም" አለ ኤሊያስ፣ ባልዲውን አንሥቶ እየሄደ።