የሎርና ቦት ጫማ

ልጄ ጃኔል ደውላ፣ ለምስጋና በዓል የልጅ ልጄን ቴስን ይዛልኝ ከመምጣቷ በፊት አንድ ነገር ልትጠይቀኝ እንደምትፈልግ ስትነግረኝ፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም መስሎኝ ነበር። ሽጉጡ ተቆልፎበታል ወይ አለችኝ። ደሜ ፈላ። ሰባ አንድ ዓመት ሞንታና ውስጥ ከመሣሪያ ጋር ኖሬያለሁ፣ አንቺንም ከዚያው ጋር ነው ያሳደግኩሽ አልኳት። እዚህ አገር ጥይት የሌለው መሣሪያ ከዱላ አይሻልም። ድብ በረንዳ ላይ ሲወጣ መሳቢያ አይበረበርም።

«ቴስ የት እንዳለ ታውቃለች፣ አባዬ?»

«የስድስት ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች! ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«እኔ ልጅ ሆኜም እንደዚያ ይመስልህ ነበር» አለች። ካልቆለፍክበት አንመጣም ብላ ዘጋች።

ኩራት እራቴ ብዬ ሁለት ሳምንት አኮረፍኩ። ባለቤቴ ሎርና ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ የራሴን ድምፅ የምሰማው ውሻው ላይ ስቆጣ ነበር፤ እሱም ባለፈው ጥር ሞተ። እውነቱን ልናገር፣ ቤቱ በላኝ። እልኬን ዋጥ አድርጌ ከተማ ሄድኩና የብረት ካዝና ገዛሁ።

ሽጉጡን የማኖረው ቁም ሳጥኑ ላይ፣ በሎርና ቦት ጫማ ውስጥ ነው። የሟች ጫማ ማን ይነካል ብዬ። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩትና ሽጉጡን አወጣሁ። እጀታው ላይ ሮዝ ኮከብ ተለጥፋለች። ቴስ ባለፈው ሐምሌ የመጣች ጊዜ ማቀዝቀዣዬን የሞላችበት ተለጣፊ ነው። ያኔ የአያቷን ጫማ ስትመኝ ነበር፤ እኔ ውጭ እንጨት ስፈልጥ ወንበሩን ስባ ወጥታለች ማለት ነው። ስድስቱም ጥይቶች በቦታቸው አሉ።

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።

ኮከቧን ልጬ ብጥላት ማን ያውቃል? ቴስ ትመጣልኛለች። ከነገርኳት ግን ጃኔል ደጄን እንደማትረግጥ አውቃለሁ። ቢሆንም ልጅቷ ሽጉጥ መጫወቻ መስሏታል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ቤት ታገኛለች። እናቷ ማወቅ አለባት።

ጥይቶቹን አውጥቼ ለብቻ፣ ሽጉጡንም ካዝናው ውስጥ ቆለፍኩና ደወልኩ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ስታለቅስ ሰማኋት።

«ዘንድሮ አልመጣም፣ አባዬ። አልችልም።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ቴስን ግን አነጋግሪያት። አትቆጫት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

በበዓሉ ቀን የቱርክ ዶሮ እግር ጠብሼ ብቻዬን በላሁ። ቦት ጫማዎቹን በሩ ሥር፣ ልጅ በሚደርስበት ቦታ አኑሬያቸዋለሁ። ቴስ የመጣች ቀን ታድርጋቸው። አሁን ውስጣቸው ምንም የለም።