ኩኖ ቤት ቀይሯል

ድንጋይ በሰው መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። ከነስሙ፣ ከነዕድሜው፣ ከነሥራው። የቫልደንሮደ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢራ ቤት ሲያወሩት እኔን ሞኝ፣ ወይዘሮ ብራንትን ደግሞ አጭበርባሪ ያደርጉናል። ሁለቱም ውሸት ነው። እሳቸው አላጭበረበሩም፤ እኔም እንግዳ ነበርኩ እንጂ ሞኝ አልነበርኩም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በዓመቱ፣ ለፖላንድ ከተሰጠችው ከተማዬ ከብሬስላው ተባርሬ፣ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥዬ እዚህ ስደርስ የከተማዋ ግማሽ አመድ ነበር። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለሆነ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ቀጠረኝ። ሥራዬ በየፍርስራሹ እየዞርኩ በየትኛው ክፍል ስንት ሰው እንደሚኖር መመዝገብ ነበር። ያልተመዘገበ ሰው ድንችም ከሰልም ጣሪያም አያገኝም። እኛ ጀርመኖች ቤታችን ቢቃጠል እንኳ መዝገባችንን አናቃጥልም።

ገበያው አደባባይ መሐል፣ ዙሪያው ሁሉ ወድቆ፣ አንድ መስኮት የሌለው የጡብ ግንብ ቆሞ ነበር። ውስጡ ያለው ከንቲባ ኩኖ ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተቀረጸ፣ የከተማዋን ቁልፍ በቀኝ እጁ ከፍ አድርጎ የያዘ የድንጋይ ሐውልት። የአገሬው ሰው «ኩኖ ቁልፉን እስካልጣለ ከተማችን አትጠፋም» ይላል። ስለዚህ የአውሮፕላን ድብደባው ሲጀመር ግንበኞች መጥተው ዙሪያውን በሁለት ክንድ ውፍረት ጡብ ከለሉት። የራሳቸውን ቤት የከለለ ግን አልነበረም። ቦምቡ ሲወርድ ማዘጋጃ ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የግንበኞቹም ቤት ነደደ፤ ኩኖ ከነአፍንጫው ተረፈ። ይህንን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያውቀዋል። ለእኔ ግን የነገረኝ የለም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ያወራል?

ወይዘሮ ኦቲሊየ ብራንት ቤታቸው እዚያው አደባባዩ ላይ ተቃጥሎባቸው፣ ግንቡን በአንድ በኩል ሸንቁረው በር ገጥመውለት፣ ምድጃ አስገብተው ይኖሩ ነበር። አንኳኳሁ።

«እዚህ ስንት ሰው ነው የሚኖረው?»

«እኔና ኩኖ።»

«አቶ ኩኖ ዘመድዎ ናቸው?»

«ኧረ ምን ዘመድ! እኔ ነኝ የመጣሁበት። እሱማ ከኔ በፊት ነው የነበረው።»

«ዕድሜያቸው?»

«እንጃ። አያቴ ልጅ እያለችም ሽማግሌ ነበር ትለኝ ነበር።»

ሰው አብሮት በሚኖረው ሽማግሌ መቀለዱ ያለ ነው ብዬ ሰማንያ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። «ሥራቸውስ?»

«ከንቲባ ነበር።»

እስክሪብቶዬን አቆምኩ። የቀድሞ ከንቲባ በዚህ ጉድጓድ ውስጥ! «ጤናቸው እንዴት ነው?»

«እንደሚያዩት ነው፤ ንቅንቅ አይልም።»

«ይናገራሉ?»

«እስካሁን አልተነፈሰም። እኔ ግን አወራዋለሁ። ከሟቹ አባቴ ይልቅ ያዳምጠኛል።»

ከምድጃው ጀርባ መጋረጃ ነበር። ጨዋ ሰው የታመመ ሽማግሌ የተኛበትን መጋረጃ አይገልጥም። «ኩኖ፣ ወንድ፣ ያላገባ፣ ጡረተኛ ከንቲባ፣ ሽባ» ብዬ ጻፍኩና ማኅተሜን መታሁ። በሳምንቱ ለሕመምተኛ የሚሰጠው የወተት ካርድ ደረሰው።

ያን ጊዜ የፈረሰ ግድግዳ ሁሉ በጠመኔ ጽሑፍ ተሞልቶ ነበር። «በሕይወት አለን፣ አክስቴ ጋ ነን» ይላል አንዱ። በኩኖ ግንብ ላይ ደግሞ «ኤሚል፣ እዚህ ነኝ፣ ኩኖ ጋ። አንኳኳ» ይላል። ኤሚል የወይዘሮ ብራንት ባል ነው። ሩሲያ ተማርኮ ደብዳቤው ከተቋረጠ ቆይቷል። ቢመለስ የሚያውቀው አንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ አደባባዩ ላይ፣ ከኩኖ ፊት ለፊት ያለው ቤት። ቤቱ አሁን የጡብ ክምር ነው። ዝናብ ጽሑፉን ባጠበው ቁጥር ወይዘሮ ብራንት ይወጡና እንደገና ይጽፉታል።

እኔ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት አዲሱ ከንቲባ አደባባዩ ታድሶ በመስከረም እንዲመረቅ፣ ግንቡም እንዲፈርስ አዘዙ። ነዋሪዎቹን የማስለቀቁ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ከፋይሉ ውስጥ አንድ ሽባ ሽማግሌ ወጣ፤ ሕመምተኛ ደግሞ ያለ ሐኪም ምርመራ አይነሣም። ዶክተር ፔተርስን ይዤ ሄድኩ። ዶክተሩ የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ የሕመምተኛውን ስም ስነግራቸው ሳላቸው መንገዱን ሙሉ አልቆመም።

ወይዘሮ ብራንት መጋረጃውን ገለጡት። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ግዙፍ የድንጋይ እግር ነው። ቀና ስል የድንጋይ ጢም አየሁ። ከዚያ በላይ የተዘረጋው የከተማዋ ቁልፍ ላይ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ተሰጥቷል።

«ይሄ... ይሄ አቶ ኩኖ ነው?»

«እንዴ! ታዲያ ማን መሰለዎት?» አሉ ወይዘሮዋ። «አገር ምድሩ በኩኖ ሲቀልድ ነው የሚውለው፤ እርስዎም ሲጠይቁኝ ጊዜ የኛ ሰው ሆኑ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የወተት ካርዱ ሲመጣ ነው የደነገጥኩት። ብናገር ከሥራ ያባርሩዎታል ብዬ ዝም አልኩ። ወተቱንም የጎረቤት ሕፃናት ናቸው የሚጠጡት።»

ዶክተሩ በርጩማ ላይ ወጥተው ማዳመጫቸውን የኩኖ ደረት ላይ አሳርፈው ጆሯቸውን ጣሉ። «ልቡ ደካማ ነው፤ ቢሆንም ሁላችንንም ይቀብረናል» አሉና የምስክር ወረቀቱ ላይ ፈረሙ።

መዝገቡን ላርም ብል እኔም እንጀራዬን አጣለሁ፣ ወይዘሮ ብራንትም በወተቱ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ሕጉን ዝም ብዬ ተከተልኩት። አንዱ ሕመምተኛ ለሆነበት የሁለት ሰው ቤተሰብ አንድ ክፍልና ማድ ቤት ይገባዋል፤ ብላይሸር መንገድ ቁጥር ዘጠኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ ሰጠኋቸው። በዚያ ዘመን ይህ ማለት ቤተ መንግሥት ነበር።

ወይዘሮ ብራንት ወረቀቱን መለሱልኝ። «አልሄድም።»

«ክፍልና ማድ ቤት እኮ ነው!»

«ቤት መቼ ጠየቅሁ? ኤሚል መጥቶ ግንቡንም ቤቱንም ሲያጣ የት ብሎ ይፈልገኝ? አዲሱ አደባባይ ላይ በጠመኔ እንዳልጽፍ ጠራጊው በየማለዳው ሊያጥበው ነው። ሞታለች ብሎ ቢሄድስ? ይንገሩኛ፣ አቶ ሊንከ!»

እኔ በብሬስላው በኖርኩበት ቤት ዛሬ ሌላ ሰው ይኖራል፤ የሚያውቀኝ ሰው ቢመጣ በሩ ላይ የሚያገኘው ነገር የለም። ይህ ከሆዴ ወጥቶ አያውቅም።

ቢሮ ተመልሼ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። አንቀጽ አሥራ አራት እንዲህ ይላል፦ የተመዘገበ ነዋሪ በጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ ሲዛወር፣ አዲሱ አድራሻው በቀድሞ መኖሪያው ላይ በማይጠፋ ጽሑፍ ይገለጻል። የኩኖን መቆሚያ ድንጋይ ለሚጠግነው ግንበኛ ማኅተም ያለበት ትእዛዝ ጻፍኩለት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«በማይጠፋ ይላል?»

«ይላል።»

«እንግዲያማ መሮዬን ላምጣ» አለ።

በምረቃው ቀን የነሐስ ሙዚቃው ተነፋ፣ አዲሱ ከንቲባም ስለ ትናንትና ስለ ነገ ሃያ ደቂቃ ተናግረው የሐውልቱን መሸፈኛ ሳቡት። ኩኖ ቁልፉን ይዞ ብቅ ሲል ሕዝቡ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ እንባዬ ግን የፍርሃት ነበር። ከዚያ ከፊት የቆመች አንዲት ሴት ከእግሩ ሥር ያለውን ጮክ ብላ አነበበች።

«ብራንትና ኩኖ ወደ ብላይሸር መንገድ 9፣ ሁለተኛ ፎቅ ቤት ቀይረዋል። አንኳኳ።»

ሕዝቡ ኩኖን ቀና ብሎ አየ፤ ቦታው ላይ ነው። እንደገና አነበበ። ከዚያ የተነሣው ሳቅ የአዲሱን ማዘጋጃ ቤት መስኮት አንቀጥቅጦታል። ከጦርነቱ ወዲህ እንዲያ ተስቆ አያውቅም። ከንቲባው ግን አልሳቁም፤ በማግስቱ እኔ ለቅጣት ምድር ቤት ወዳለው የአሮጌ ፋይል ክፍል ወረድኩ። ጽሑፉ እንዲፋቅ ታዞ የቅርስ ጠባቂዎቹ ሲጠየቁ፣ ሐውልቱ ከነመቆሚያው ቅርስ ስለሆነ መሮ እንዳይነካው ብለው መለሱ። ዛሬም አለ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት፣ አንድ ከሲታ ሰው ከባቡር ወርዶ አደባባዩ ላይ ሲዞር አየን ብለው አወሩ። የሚያውቀው ሱቅ የለም፤ የሚያውቀው በር የለም። የሚያውቀው ኩኖን ብቻ ነበር። ከእግሩ ሥር ያለውን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣ ቆቡን አውልቆ ሐውልቱን እጅ ነሣ፣ ሄደም።

በማግስቱ ወይዘሮ ብራንት የፋይል ክፍሌ ድረስ ወረዱ። ዓይናቸው አብጧል፤ ፊታቸው ግን በራ ብሏል።

«ኤሚል የበራችን ደወል ላይ ሁለት ስም፣ የኛንና የኩኖን፣ አይቶ ደጅ ላይ ቀረ» አሉኝ። «ሰውየው የታለ ይለኛል። ሥራ ላይ ነው አልኩት። ያኔ እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጠን እስኪመሽ አለቀስን። በሉ አሁን ኤሚልን ይመዝግቡልኝ። ኩኖንም ይሰርዙት።»

ምዝገባ ሥራዬ መሆኑ ቀርቷል። ቢሆንም አሮጌውን መዝገብ አወጣሁ። የሚሰረዝ ሰው ለምን እንደለቀቀ መጻፍ አለበት።

«የለቀቀበት ምክንያት?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው የኩኖን ስም መዝገቡ ላይ አዩት።

«የቦታው ሰው ስለመጣ» አሉ።

ቃል በቃል ጻፍኩት።