በጭልጋው ሠርግ የጨፈረው ሰው

ሥርጉት አሮጌውን የፊልም ማሳያ በነጠላ ጠቅልላ ስታመጣ ውድነህ ሊቀበላት አልፈለገም ነበር። ፒያሳ ባለችው ጠባብ ሱቁ ድሮ ካሜራ ይጠግን ነበር፤ አሁን ግን እንጀራው የተሰበረ የስልክ መስታወት መቀየር ሆኗል።

«የዚህ መለዋወጫ ከየት ይመጣል፣ እህቴ?» አላት።

«ሞተሩም አምፖሉም ይሠራል። ምስሉ ነው ጭጋግ የሚለብሰው። ያለኝ አንድ ፊልም ብቻ ነው፣ የእናትና የአባቴ ሠርግ። ፊልሙ ላይ እንደ ጥላ ይታያሉ እንጂ ፊታቸው አይለይም።»

አባቷ ጭልጋ ውስጥ ቁስል የሚያክሙ፣ ስብራት የሚያስሩ ድሬሰር ነበሩ። አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ሠርጋቸውን ቀርጾ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ማሽኑን ከነፊልሙ ትቶላቸው ሄደ። አባቷ ባለፈው ዓመት ሲያርፉ ቆጡ ላይ ተገኘ።

ውድነህ ሌንሱን ነቅሎ ወደ በሩ ብርሃን አነሣው። ውስጡን ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ወርሶታል። «ተዪው፣ ልሞክረው» አላት።

መስታወቶቹን አንቆ የያዘውን ቀለበት ቀስ ብሎ ፈታ። አራት ነበሩ። አንድ በአንድ በወረንጦ እያወጣ፣ የትኛው ፊት ወደ ውጭ እንደነበር ጠርዙ ላይ በእርሳስ ምልክት እያደረገ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። ሦስቱ በአልኮልና በጥጥ ቶሎ ጠሩ። አንደኛው ግን ሻጋታው ሥር ሰዶበት ስለነበር ጠበቅ አድርጎ እንዳይቧጭረው እየፈራ ከሰዓቱን በሙሉ ሲያሸው ዋለ። በማግሥቱ በምልክቱ መሠረት መልሶ ገጠማቸውና ሥርጉትን ጠራት።

በሩን ዘግተው ነጩ ግድግዳ ላይ አበሩት። መካከሉ ጠርቷል፤ ዳር ዳሩ ግን እንደ ቀለጠ ሰም ይፈሳል።

«ሸጋ ነው፣ ይበቃኛል» አለች ሥርጉት።

«አይበቃም። አንድ ነገር ተሳስቷል።»

እንደገና ፈታው። ሁሉንም ባገኘው ዓይነት ነበር የመለሰው። ስሕተቱ የእሱ ካልሆነ ከእሱ በፊት የከፈተው ሰው ነው የተሳሳተው። መስታወቶቹን በጣቱ ሲዳስስ ሦስተኛው ያበጠው ፊቱ ወደ ውስጥ ዞሮ አገኘው። ገለበጠው፣ ቀለበቱን አጠበቀ፣ ሌንሱን ወደ ቦታው መለሰ።

በዚህኛው ጊዜ ሙሽሮቹ ከነዓይናቸው ሽፋሽፍት ወጡ። ሥርጉት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ድምፅ የለውም፤ ከበሮው ይመታል፣ አይሰማም። ሰዉ ክብ ሠራ። ከመካከሉ አንድ ጎልማሳ ወጣና በእስክስታ እየተንቀጠቀጠ ወደ መሬት ወረደ፣ በአንድ እግሩ ተነሥቶ ዘለለ፣ እየሳቀ ፊቱን ወደ ካሜራው አዞረ። ግንባሩ ላይ ከጥቁሩ ፀጉር መካከል አንድ ነጭ ቁንጮ አለ።

ውድነህ ወንበሩን ይዞ ቆመ።

«ይኼ ማነው?»

«ቢያዝን መሆን አለበት። አባቴ ስለ እሱ አውርቶ አይጠግብም ነበር። ባለነጩ ፀጉር ይለው ነበር።»

«ቢያዝን የማን?»

«ቢያዝን ሙሉሰው። ምነው፣ ያውቁታል?»

ውድነህ ወደ ምስሉ ቀረብ አለ። የአባቱ ስም ነው። ነጩ ፀጉርም የአባቱ ነው። አባቱ ግን ውድነህ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ በሁለት ምርኩዝ ሁለቱንም እግራቸውን እየጎተቱ የሚሄዱ ሰው ናቸው። ኮሶዬ ላይ በእጅ በሚዞር መኪና ልብስ እየሰፉ አሳደጉት። «ስወለድም እንዲህ ነኝ» ብለው የነገሩት ራሳቸው ናቸው።

ሥርጉት ፊቱ መለዋወጡን ሳታይ ቀጠለች፦ «ከዚህ ሠርግ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው ጉዳት ያገኘው። ቤቱ በእሳት ተያያዘ። ሚስቱ ውኃ ወርዳለች፣ ሕፃኑ ውስጥ ተኝቷል። ሰው ሲይዘው አምልጦ ገባ። ልጁን በመስኮት ካቀበለ በኋላ ጣሪያው ተደርምሶ እግሩ ላይ ወደቀ። አጥንቱን ያሰረለት አባቴ ነው። ከዚያ አገር ለቅቀው ሄዱ፤ የት እንደገቡ አላወቀም።»

«ልጁስ?»

«ተርፏል። ወንድ ነው አሉ።»

ፊልሙ አልቆ ግድግዳው ላይ ነጭ ብርሃን ብቻ ቀረ። ውድነህ ማጥፋቱን ረሳው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ሙሉ ስሜን አልጠየቅሽኝም» አላት በመጨረሻ። «ውድነህ ቢያዝን ነኝ።»

ሥርጉት አየችው። ተነሥታ ማሽኑን እሷ አጠፋችው፤ ፊልሙንም እሱ እንዳሳያት መልሳ አጠነጠነችው። ሁለተኛ ሲያዩት በስልኩ ቀረጸው።

የደባርቅ መንገድ ክፍት በሆነ ቀን ኮሶዬ ወጣ። አባቱ ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ስልኩን በእጃቸው አስያዛቸው።

«ሸጋ ይጨፍራል» አሉ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው። «የየት ሰው ነው?»

ከዚያ ነጩን ቁንጮ አዩ። ስልኩ ሊወድቅ ሲል ውድነህ ደግፎ ያዘው።

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

«ማን ሰጠህ?»

«የድሬሰሩ ልጅ። እሳቱንም ነገረችኝ።»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ፈልገው ያዙ፤ ሊነሡ ግን አልሞከሩም። ውድነህ ጠየቀ፦ «ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?»

«ምን ብዬ? ሕፃን ነበርክ። ሮጠህ ውኃ ስታቀብለኝ ወደህ እንድታቀብለኝ ነው የፈለግሁት። በእኔ ምክንያት ነው ብለህ እንድታቀብለኝ አይደለም። ጭልጋ ብንቀመጥ ጎረቤት ይነግርህ ነበርና ለቅቀን መጣን። እናትህንም እንዳትነግርህ አስምያታለሁ። ካደግህ በኋላ ደግሞ ነገሩ ከረመ፤ የከረመ ነገር ለአፍ ይከብዳል።»

ውድነህ ከተማ ውስጥ ሆኖ ብዙ የሚለውን አዘጋጅቶ ነበር የመጣው።

«እስቲ መልሰህ አሳየኝ» አሉ አባቱ። እስክስታው ሲጀምር እጃቸውን አነሡ። «እዚህ ላይ አቁመው። ከኋላዬ የምታጨበጭበውን አየሃት? ሻሽ ያሰረችውን።»

«አየኋት።»

«እናትህ ታየች ናት። ያኔ ገና አልተጋባንም።»

ውድነህ ምስሉን በጣቱ አጎላው። ደጋግሞ ያየው ፊልም ነው፤ እናቱን ግን አላወቃትም ነበር። እስክትሞት ድረስ ከንፈሯን ገጥማ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። እዚህ ላይ ግን አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ ትስቃለች። እንዲህ ስትስቅ አንድ ቀን አይቷት አያውቅም።

ከአባቱ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አባቱ እንደገና ሊያስጀምሩት በሻከረ ጣታቸው ስልኩን ቢጫኑት፣ ቢጫኑት እምቢ አላቸው። ውድነህ ተጫነላቸው።