የወንድም ጋሼ ቀይ ሾክ

ንብ አርቢው ሚስት ሲያገባ አንድ ታላቅ ወንድምም አብሮ ተመረቀለት። እናትና አባታቸው ገና በልጅነቷ ስላለፉ ልጅቷን ያሳደጋትም፣ ያስተማራትም፣ በኋላም የዳራት እሱ ነበር። እሷ «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች። ባሏም እሷን ተከትሎ «ጋሼ» ይለዋል፤ ሲያናግረውም አንቱ እያለ ነው። ወንድም ጋሼ በትልቁ መንገድ ዳር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ ከሱቁ የወጣ ዕቃ ከተነቀፈበት፣ ልጁ የተሰደበበት ያህል ፊቱ ይጠቁራል። ይህን የሚያውቁ ዘመዶቹ ሁሉ ዕቃውን ከወሰዱ በኋላ አመስግነው ዝም ይላሉ።

ንብ አርቢው ኑሮው አበባ መከተል ነው። ሜዳው ላይ ሱፍ አበባ ሲፈነዳ ቀፎዎቹን ወደ ሜዳ፣ ሜዳው ሲደርቅ ወደ ባሕር ዛፉ ዳገት ያወጣል። ንቦቹ ሳይወጡ በማለዳ የቀፎውን አፍ ይዘጋና፣ በአሮጊቷ ፒክአፕ ላይ ደርድሮ በገመድ ያስራል። ሚስቱ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ሥራውን እኩል ነው የሚሠሩት። መንገዱ እስከ ወፍጮ ቤቱ አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጠጠርና ጉድጓድ ነው።

አንድ ዓመት ዝናቡ እንዳባራ መኪናዋ ጉድጓድ በረገጠች ቁጥር እንደ ኳስ ትነጥር ጀመር። ወደ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩን ሰፈሩ «ዝምተኛው» ይለዋል፤ ስሙ የወጣለት አፉ ሲዘጋ ያየው ሰው ስለሌለ ነው። ዝምተኛው የመኪናዋን ቂጥ በሁለት እጁ ተጭኖ ለቀቃት። ወጣች፣ ወረደች፣ ደግማ ወጣች፤ እሱ ወሬውን ጨርሶም እሷ ገና አልቆመችም ነበር። የመንገዱን ንጥረት የሚያበርደውን የኋላ ሾክ አብዞርበር ፈቶ ሲያወጣው ዘይቱ ፈስሶ ከአቧራ ጋር ጭቃ ሆኗል። ዘንጉን ወደ ውስጥ ሲገፋው ያለ አንዳች ተቃውሞ ገባለት።

«ይሄ ሞቶ ተቀብሯል፤ ለቅሶ መድረስ ብቻ ነው የቀረህ» አለ።

አዲስ ሾክ ሲያስፈልግ ደግሞ ከወንድም ጋሼ ሱቅ ሌላ ወዴት ይኬዳል? ወንድም ጋሼ ገና ጉዳዩን ሰምቶ ሳይጨርስ ከላይኛው መደርደሪያ አራት ቀያይ ሾኮች አወረደ። እያንዳንዱ የሰው ክንድ ያክላል። ሲሚንቶ የሚጭኑ ሁሉ የሚወስዱት ይህን ነው፣ እስከ ዛሬ አንድ እንኳ አልተመለሰም አለ። ዋጋውን ሲጠይቀው ተቆጣ፤ እህቱ ለምትሄድበት መኪና ሊሸጥ ነው እንዴ!

«አንተም ታረጃለህ፣ መኪናዋም ታረጃለች፤ ይሄ ግን እንደዚሁ ይኖራል» ብሎ ጭኖ ሰደደው።

በቀዮቹ የመጀመሪያ ጉዟቸው ላይ ከወፍጮ ቤቱ በኋላ ሁለቱም መናገር አቆሙ፤ ምላስ እንዳይነከስ። እያንዳንዷ ጠጠር በመቀመጫው አልፋ ወገብ ውስጥ ትገባለች። ሜዳው ሲደርሱ የቀፎዎቹ ድምፅ ልክ አልነበረም፤ ወፍሯል። ንብ አርቢው አንዱን ከፈተ። የማር እንጀራው ከክፈፉ ተገንጥሎ ወድቋል፤ ማሩ ፈስሶ እጩን አስጥሟል። ሁለተኛው ቀፎ ውስጥ አውራዋ ራሷ በወደቀው ሰፈፍ ተጨፍልቃ ሞታለች። ንቦቹ ጥፋተኛውን ለመፈለግ ሩቅ አልሄዱም። ንብ አርቢው የዓይኑ ቆብ ላይ ተነድፎ ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓይን ሠራ።

መጀመሪያ ጥፋቱን ከራሱ አደረገው፤ ፈጥኜ ነድቼ ነው አለ። በሚቀጥለው ጉዞ ሰው በእግሩ እስኪቀድመው ድረስ ቀስ ብሎ ነዳ። ያም ሆኖ ሌላ ቀፎ ተሰበረ።

ሚስቱ አንገቷን እያሸች «ይሄ መኪና ነው ወይስ ወንፊት? ለምን አንነግረውም?» አለችው።

«አንቺ ንገሪው፤ ወንድምሽ ነው።»

«ሾኩን የወሰድከው አንተ ነህ።»

እንዲህ ሲገፋፉ ሁለቱም ሳይነግሩት ቀሩ። ዝምተኛው ግን ነገሩን በሁለት ቃል ገለጠለት፤ በኋላም በሁለት መቶ ቃል ደገመው። ቀዩ ሾክ ጥፋት የለበትም፤ ከባድ ጭነት ካልተጫነው ግን አይታጠፍም። ቀፎ ደግሞ ለመኪና ላባ ማለት ነው። ሾኩ ስለማይታጠፍ ንጥረቱን እንዳለ ወደ ላይ ይልከዋል። ለሱ ሥራ የሚሆነው ለስለስ ያለ ነው፤ ወይ ጋዝ ያለበት፣ ወይ የዘይት ብቻ።

ንብ አርቢው ወንድም ጋሼ ወደማይደርስበት ሰፈር ሄዶ ከአንድ ሱቅ ሁለቱንም ዓይነት አመጣ፤ ያልሆነውን እንዲመልስ ተስማምቶ ነው። መሞከሪያውን ያሰበችው ሚስቱ ናት። ባዶ ቀፎዎች ተጭነው፣ መሐላቸው እስከ አፉ ውሃ የተሞላ ድስት ይቀመጥ፤ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ ይነዳ፤ ከዚያ የተረፈው ውሃ ይታይ።

በቀዮቹ ድልድዩ ሲደርሱ ድስቱ ራሱ ተገልብጦ አገኙት። ዝምተኛው እዚያው መንገድ ዳር ክሪኩን አስገብቶ፣ ብሎኖቹን ፈቶ፣ የላስቲክ ጎሚኒዎቹን እየቀየረ የጋዙን ገጠመ። ጥቁር ነው፤ በእጅ ተጭነው ሲለቁት ዘንጉ ብቻውን ተመልሶ ይወጣል። በሱ ከውሃው ግማሹ ተረፈ፤ ጠጠሩ ላይ ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል። የዘይቱ ሰማያዊ ነው፤ ገፍተው ካስገቡት እዚያው ይቀራል፣ የሚመለስበት አሳብ የለውም። በሱ ሲሄዱ ውሃው የድስቱን ከንፈር ብቻ አረጠበ። ነገር ግን ኩርባው ላይ መኪናዋ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ተዘነበለች፤ ሚስቱም ድልድዩ ላይ ወርዳ አስመለሰች።

«ያጥወልውለኝ» አለች አፏን እያበሰች። «ንቦቹ ሰላም ካገኙ ኩርባው ላይ ቀስ በልልኝ እንጂ ይሄኛው ይሁን።»

ሰማያዊዎቹ ቀሩ፤ ጥቁሮቹ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በተጓዙ ቁጥር አንድም ቀፎ አልተሰበረም። ንብ አርቢው ግን እንቅልፍ አጣ። ወንድም ጋሼ ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታ የሚሰጠው መጀመሪያ ለመኪናው፣ ቀጥሎ ለባለቤቱ ነው። ጎንበስ ብሎ ቢያይስ? ሚስቱ እውነቱን ተናግሮ መገላገል ይሻላል አለችው። እሱ ግን አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ገዛ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከመኪናው ሥር ተንጋሎ አራቱንም ሰማያዊ ሾክ ቀይ ቀባ። እውነተኞቹን ቀዮች በጆንያ ጠቅልሎ ዕቃ ቤት ከባዶ ቀፎዎች ጀርባ አስቀመጠ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ታየው ነበር። እሱም ቀና ብሎ አላያትም።

ባሕር ዛፉ አበባ ሲይዝ ወንድም ጋሼ አንድ ማለዳ ሳይታሰብ መጣ። ሱቁን ለሠራተኛ ትቶ፣ ከነሱ ጋር ዳገቱን ለማየት አምሮት ነው። ሦስቱም ፊት ተጨናንቀው ተቀመጡ። ጠጠሩ ሲጀምር ወንድም ጋሼ እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። መኪናዋ ጉድጓዱን ገብታ ወጣች፤ ማንም አልዘለለም።

«አየህ?» አለ። «አየህ፣ ይሄ ነው ዕቃ ማለት። ውሃ ላይ እንዳለ ጀልባ።»

ንብ አርቢው መሪውን ጠበቅ አድርጎ መንገዱን ብቻ አየ። ወንድም ጋሼ እስከ ዳገቱ ድረስ ሾኩን ሲያወድስ ሄደ። ከእንግዲህ ለሲሚንቶ ጫኝ ብቻ ሳይሆን ንብ ለሚጭንም ቀዩን ነው የምሸጠው አለ። ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቅ ይሁን ሌላ፣ ባሏ ማየት አልቻለም።

ዳገቱ ላይ ባልና ሚስት ቀፎዎቹን ሲያወርዱ ወንድም ጋሼ ንብ ስለሚፈራ ራቅ ብሎ ቆየ። ኋላ ግን የሚኮራበትን ነገር ሊያይ ኮቱን አውልቆ፣ በንጹሕ ሱሪው ሣሩ ላይ ተኝቶ ከመኪናው ሥር ገባ። ንብ አርቢው ቀፎ እንደ ተሸከመ ሁለት ጫማዎች ብቻ ከመኪናው ሥር ወጥተው አየ። ጫማዎቹ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሱም።

ወንድም ጋሼ ሲወጣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ቀይ ቀለም ነበር። ሣሩን ከሱሪው አራገፈ፣ ኮቱን ለበሰ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ወደ ሱቁ ተመለሱ። ለንብ አርቢው በቀዮቹ ከተጓዘበት ቀን ይልቅ ይህ መንገድ ረዘመበት። ሱቁ በር ላይ መኪናዋ ስትቆም ነው ወንድም ጋሼ አፉን የከፈተው።

«ቀለሙን ማነው የቀባው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ቅባቱን ሳትጠርግ ነው የቀባኸው። ብረት እንዲህ አይቀባም።»

ንብ አርቢው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ፤ የወደቀውን የማር እንጀራ፣ የሞተችውን አውራ፣ ድስቱን፣ የሌላውን ሰፈር ሱቅ። ቅር እንዳይልዎት ብዬ ነው አለ።

ወንድም ጋሼ ከጥፍሩ ሥር ቀለሙን ፈቀፈቀ። «እኔ ያሳደግኳትን እህቴን ሰጥቼሃለሁ» አለ በመጨረሻ። «ብረት መልሰህ ብታመጣ ቅር ይለኛል?»

«ይልሃል እንጂ፣ ወንድም ጋሼ» አለች እህቱ። «ልጅ ሆኜ የገዛህልኝ ጫማ ጠብቦኝ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብዬ ያደረግሁት ለምን ይመስልሃል?»

ስለ ጫማው ሰምቶ አያውቅም ነበር። በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ሳይሰናበታቸው ወደ ሱቁ ገባ። ባልና ሚስት ያን ቀን ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

በማግስቱ ጠዋት ግን ወንድም ጋሼ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ አስጠራቸው። ቀዮቹን አምጡ አለ፤ በገዛ ወገቡ ካላየ አያምንም። ዝምተኛው ቀዮቹን ገጠመ። ባዶ ቀፎ ተጫነ። ወንድም ጋሼ ፊት ተቀምጦ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ ተነዳ። መሐል መንገድ ላይ መነጽሩ ወደቀ፤ አንድ ጊዜም አናቱ ከጣሪያው ጋር ተገናኘ። ድልድዩ ላይ ወርዶ ወገቡን ይዞ ቆየ።

«አሸዋ ጫኑ» አለ።

ከወንዙ ዳር አሸዋ ጫኑ። አሁን መኪናዋ በቀዮቹ ላይ ረግታ፣ እንደ ጠገበች ላም እየረገጠች ሄደች። ወንድም ጋሼ ፊቱ በራ። አሸዋው እንዳለ ሰማያዊዎቹ ይገጠሙ አለ። በነሱ ሲሄዱ የመኪናዋ ቂጥ ተዘፈዘፈ፤ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ከሥር ብረት ለብረት ይጋጫል። ወንድም ጋሼ በእያንዳንዱ ግጭት አማቹን ዞር ብሎ ያየው ነበር። ንብ አርቢውም እያንዳንዱን ጊዜ «ልክ ነዎት፣ ጋሼ» አለ፤ ይህን ሲል አልዋሸም።

አሸዋው ተራገፈ። ቀዮቹን ወንድም ጋሼ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ሱቁ ወሰዳቸው፤ ሰው አስይዝ ሲሉት እምቢ አለ። ሰማያዊዎቹን ደግሞ አስፈትቶ፣ ቀለሙን በቤንዚን አስጠርጎ መልሶ አስገጠማቸው። ንብ አርቢው ይህ ሲደረግ መጥረጊያ ጨርቅ ይዞ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ ከተነደፈበት ቀን የባሰ ፊቱ ይለበልበው ነበር። ለብዙ ሳምንት ወንድም ጋሼን ቀና ብሎ ማየት ከበደው፤ ወንድም ጋሼም ነገሩን ዳግመኛ አላነሣም።

በሚቀጥለው የአበባ ወቅት ወንድም ጋሼ አብሯቸው ወደ ሱፍ አበባው ወረደ። ቀፎ ሊያወርድ እጁን እንደ ዘረጋ አንዲት ንብ ጆሮው ላይ አገኘችው። ቀፎውን ግን አልጣለውም፤ ቀስ አድርጎ መሬት አስቀምጦ ነው የሮጠው። ቀሪውን ሰዓት መኪናው ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ፣ እህቱ የቆረጠችለትን ሰፈፍ ከነማሩ እያኘከ አሳለፈ። ባልና ሚስት ቀፎዎቹን ከፍተው አዩ፤ ሁሉም ደህና ነበሩ።